ቁራሌውና መርከቡ

ጫጫ ተወልዶ ስለ መርከብ መጻፍ ትንሽ ያሳፍራል። ከተማችን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደብረ ብርሃን የሚያቀና መንገደኛ፣ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በመኪና መስኮት አይቶ የሚያልፋት፣ ገብስና ባቄላ የሚበቅልባት፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ጆሮ የሚቆርጥባት የደጋ ከተማ ናት። የአንጎለላና ጠራ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ዳግማዊ ምኒልክ የተወለዱበት አንጎለላም የሚገኘው በዚሁ ወረዳ ነው። ውኃ ከተባለ ያለን የጫጫ ወንዝ ነው፤ እሱም ቢሆን ክረምት ሲሞላ በግ ይወስዳል እንጂ መርከብ አይሸከምም። ቢሆንም ዛሬ ስለ መርከብ ልጽፍ ነው፤ ይልቁንም ስለ ሞተ መርከብ። ውድ አንባብያን፣ መርከብ ሁሉ ሲያረጅ ባሕር ውስጥ ይሰጥማል ብላችሁ የምታስቡ ከሆነ ተሳስታችኋል። አብዛኛው የሚሞተው የብስ ላይ ነው። ከሬሳው የተቆረሰ ቁራጭ ደግሞ፣ እንደማወጋችሁ፣ ጫጫ ድረስ ሊመጣ ይችላል።

አጎቴ መርከበኛ ነበሩ። በወጣትነታቸው በአንድ የጭነት መኪና ረዳትነት አሰብ ወርደው በዚያው ቀሩ፤ ጥቂት ቆይተው የባዕድ አገር ሰንደቅ ዓላማ በምታውለበልብ አንዲት አሮጌ የጭነት መርከብ ላይ ተቀጠሩ። ሥራቸው ሞተር ክፍል ውስጥ ነበር፤ ማሽኑን ዘይት ማጠጣት፣ ቧንቧውን መጠጋገን፣ የእንፋሎቱን ሙቀት እንዲይዝ ቧንቧው ላይ የሚጠመጠመውን ነጭ ጨርቅ ሲያረጅ መቅደድና በአዲስ መተካት። እኛ ልጆች ጋሼ እንላቸው ነበር። በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንዴ ሲመጡ ለጫጫ ሰዎች ሁሉ ዜና ነበር። ስለ ባሕር ሲጠየቁ ግን ብዙ አይናገሩም፤ ‹‹ከታች ሆኖ ባሕር አይታይም፤ እኔ የማውቀው ሙቀቱን ነው›› ይሉ ነበር።

ደጋግመው ያወጉን አንድ ጉዞ ብቻ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ መርከቢቱ እንደወትሮው ጭነት ሳትጭን ወደ ሕንድ ጉዞ ጀመረች። ከመነሣታቸው በፊት በመርከቢቱ ወገብ ላይ የተጻፈው ስም ግማሹ በቀለም ተሸፈነ፤ ሰንደቅ ዓላማውም ወርዶ ሌላ ተሰቀለ። ጉጅራት በሚባለው የሕንድ ግዛት፣ አላንግ ከሚባል ጠረፍ ትይዩ ደርሰው መልሕቅ ጥለው ለቀናት ጠበቁ። ጨረቃ ሞልታ የባሕሩ ውኃ ከፍ ባለባት ዕለት ካፒቴኑ ‹‹ሙሉ ኃይል!›› ብሎ አዘዘ። ጋሼ እታች ናቸው፤ ወዴት እንደሚሄዱ ያውቃሉ፣ አያዩም። ዕድሜ ልኩን ከአለት፣ ከጥልቀት ማነስና ከጠረፍ ሲጠነቀቅ የኖረ መርከብ በገዛ ሞተሩ እየበረረ የብስ ላይ ወጣ። ‹‹መጀመሪያ ተንቀጠቀጠች፤ ከዚያ እንደ በሬ ተንበረከከች፤ ከዚያ ሞተሩን አጥፉ ተባልን›› ይሉ ነበር። ‹‹ስንት ዓመት ከጆሮዬ ያልወጣው የሞተር ድምፅ ሲጠፋ የሰማሁትን ዝምታ ግን እስከዛሬ አልረሳሁትም።›› በማግሥቱ ባሕሩ ሲሸሽ መርከቢቱ ጭቃ ላይ ቀረች፤ በባዶ እግራቸው ጭቃውን እያቋረጡ የሚመጡ የቀን ሠራተኞችም ከበቧት።

መርከበኞቹ ሲሰነባበቱ እያንዳንዳቸው ለመታሰቢያ አንዳንድ ነገር አነሡ። አንዱ ሰዓት፣ አንዱ ኮምፓስ፣ ሌላው ሳህን። የእኛ ጋሼ ያነሡት ያልተፈታ አንድ ጥቅል ነጭ ጨርቅ ነበር። ለምን ቢባል፣ እሳት የማይበላው ጨርቅ ነውና ለእትዬ፣ ማለትም ለባለቤታቸው፣ ለማድቤት ይሆናል ብለው ነው። ጫጫ ገብቶም በእርግጥ አገለገለ። እትዬ የጋለ ድስት ታወርድበት፣ ምጣዱን ታንቀሳቅስበት፣ ከምድጃው አጠገብ ካለው የእንጨት ምሰሶ ላይም እሳት እንዳይዘው ጠምጥማበት ነበር። እኛ ልጆች ደግሞ ክሩን እየመዘዝን ከኩበቱ ፍም ላይ እንይዘውና አለመቃጠሉን እናደንቃለን። ከጣታችን ላይ የሚቀረውን ነጭ ብናኝ እፍ ብለን እናበነዋለን።

ያ ጨርቅ አስቤስቶስ ነበር።

* * *

ይህን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ፣ ስለ ሌላ ጉዳይ ሳነብ በአጋጣሚ ነው። አስቤስቶስ ከመሬት የሚቆፈር ማዕድን ነው፤ እንደ ጥጥ ይፈተላል፣ እንደ ሸማ ይሸመናል፣ እሳት አይበላውም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ እስከ 1970ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ድረስ መርከብ የሠራ ሁሉ ቧንቧውን፣ ማሞቂያውንና ግድግዳውን በእርሱ ሸፍኗል። ክፋቱ ሲበን ነው። ከፀጉር እጅግ የቀጠኑት ክሮቹ ከአየር ጋር ሳንባ ይገቡና አይወጡም፤ ሰውነት ሊያሟሟቸው አይችልም፤ በዙሪያቸው ጠባሳ ይሠራል። ሳንባ ቀስ በቀስ ይደርቃል፣ ወይም ካንሰር ይነሣል። የሚያስፈራው ደግሞ ትዕግሥቱ ነው፤ ብናኙ በተሳበበትና ሕመሙ በሚገለጥበት ጊዜ መካከል ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። በዳዩ ማን እንደሆነ ለመጠየቅ ጊዜው ሲደርስ ኩባንያው ፈርሷል፣ መርከቧ ብረት ሆናለች፣ ምስክሩም ሞቷል።

ጋሼ በመጨረሻ ዓመታቸው ከቤታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ሦስት ጊዜ ያርፉ ነበር። የጫጫ ሰው ‹‹ብርዱ ነው›› አለ፤ ‹‹ጭሱ ነው›› ያለም ነበር። አዲስ አበባ ወስደናቸው ራጅ ሲነሡ ሐኪሙ ምስሉን አገላብጦ አየና ‹‹አባቴ፣ ድንጋይ ፈላጭ ነበሩ?›› ሲል ጠየቃቸው። ጋሼ ፈገግ ብለው ‹‹የለም ልጄ፣ መርከበኛ ነበርኩ›› አሉት። ሐኪሙ አላመናቸውም መሰለኝ። ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። ሕመማቸው ከዚያ ነጭ ጨርቅ ስለመምጣቱ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ማስረጃ የለኝም። ሕመሙ እንዲህ ያለ ነው፤ ማስረጃ አይተውም።

* * *

ለመሆኑ ያረጀ መርከብ ምንድን ነው? ለባለቤቱ የጥገና ዕዳ ነው። ለገዢው በቶን የሚመዘን ብረት ነው። ለአገሩ ሕግ ግን፣ ሕጉ የሚያየው ከሆነ፣ የአደገኛ ቆሻሻ ክምችት ነው። የመርከቡ ክብደት አብዛኛው ብረት ስለሆነ ብረቱ ይሸጣል፤ ሞተሩ፣ ገመዱ፣ አልጋው፣ የእጅ መታጠቢያው ሳይቀር ይሸጣል። የማይሸጠው ይቀራል፤ አስቤስቶሱ፣ የእርሳስ ማዕድን ያለበት ቀለም፣ ፒ.ሲ.ቢ. የሚባለው በኤሌክትሪክ ገመድና በአሮጌ ዕቃ ውስጥ ያለ ኬሚካል፣ ዛጎልና አልጌ እንዳይጣበቅበት ከታች የተቀባው ቲ.ቢ.ቲ. የተባለ መርዝ፣ በታንኮቹ ግርጌ የተጋገረው የዘይት አተላ። ይህ ሁሉ ጥልቅ ግንብ፣ ክሬንና ማጣሪያ ባለው መትከያ ውስጥ ቢፈታ ማስወገድ ይቻላል። አሸዋና ጭቃ ላይ ሲፈታ ግን በየዕለቱ ሞገዱ እየመጣ ያጥበዋል፤ ሲመለስ ይዞት ይሄዳል።

አላንግ ይህን ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። የባንግላዴሹ የቺታጎንግ ጠረፍ ታሪክ ደግሞ ከአደጋ ይጀምራል፤ እ.ኤ.አ. በ1960 የተነሣ ማዕበል አንድ መርከብ ገፍቶ የብስ ላይ አወጣው፣ ለዓመታት እዚያው ተገትሮ ቆየ፣ በ1965 ተቆራርጦ ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ ማዕበል መጠበቅ አላስፈለገም፤ መርከቦች በገዛ ሞተራቸው ይመጡ ጀመር። በፓኪስታን ጋዳኒ ላይ ጥቅምት 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ታንኩ በሚገባ ያልጸዳ የነዳጅ መርከብ ሲቆረጥ ፈንድቶ ከሃያ አምስት በላይ ሠራተኞች አለቁ። ሦስቱን ጠረፎች አንድ የሚያደርጋቸው ሁለት ነገር ነው፤ እጅግ ርካሽ ጉልበት፣ ለሕንፃ የሚሆን ብረት የተራበ ገበያ።

እዚህ ላይ ሕንድና ባንግላዴሽን ለመኮነን እንዳትቸኩሉ እለምናለሁ። ይህን ሥራ በትንሹ እኛም እናውቀዋለንና። በአዲስ አበባ ሰፈሮች ጆንያ ተሸክሞ ‹‹ቁራሌው!›› እያለ የሚዞረውን ልጅ አስቡ፤ ‹‹ቆርቆሮ ያለው›› ለማለት ነው፤ በሩጫ ብዛት ቃሉ ራሱ አጥሮበት ነው። የተጣለውን ይገዛል፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይወስደዋል፤ በርሜሉ ምድጃ፣ ጎማው ጫማ፣ ቆርቆሮው ማንቆርቆሪያ ይሆናል። ምናለሽ ተራን እንደማደንቅ አልሸሽግም። ምንም ነገር እንዳይባክን የሚያደርግ ትልቅ ዕውቀት ያለበት ቦታ ነው። የአላንግ ጠረፍም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ቁራሌው ጆንያውን አሳድጎ መርከብ ሲከትበት ነው። ችግሩ ያለው ቁራሌው ዘንድ አይደለም። ችግሩ ዕቃውን የሸጠለት ሰው ውስጡ ምን እንዳለ ያውቃል፣ እርሱ ግን አያውቅም። ዋጋ ሲነጋገሩ በሚዛኑ ላይ የሚቀመጠው ብረቱ ብቻ ነው፤ መርዙ በነፃ ምርቃት ይሰጠዋል።

* * *

ሕግ የለም እንዴ? አለ። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የባዝል ስምምነት አደገኛ ቆሻሻ ከአገር አገር ሲሻገር ተቀባዩ አስቀድሞ እንዲያውቅና እንዲስማማ ያዛል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2000 አባል ሆናለች። አፍሪካውያን ይህ አልበቃ ብሏቸው እ.ኤ.አ. በ1991 ባማኮ ላይ የራሳቸውን ስምምነት ተፈራረሙ፤ አደገኛ ቆሻሻ ወደ አፍሪካ ጨርሶ እንዳይገባ የሚከለክል ነው። ነገር ግን መርከብ ብልጥ ቆሻሻ ነው። በራሱ ሞተር እየሄደ፣ ካፒቴንና ሰንደቅ ዓላማ እያለው ‹‹ቆሻሻ ነህ›› ማን ይለዋል? ባለቤቱ ባሕር ላይ ሳለ ለደላላ ይሸጠዋል፤ ደላላው ስሙን ይለውጣል፣ ለመጨረሻው ጉዞ ብቻ የሚሆን ርካሽ ሰንደቅ ዓላማ ይገዛለታል። የኮሞሮስ ደሴቶች ሰንደቅ ዓላማ በእንዲህ ያሉ የቀብር ጉዞዎች ላይ ተደጋግሞ ታይቷል። ጋሼ በግማሽ የተሸፈነ ስም ያዩት ለካ ይህ ነበር።

አንዳንዴ የተነቃበት ጊዜ አለ። ፈረንሳይ ‹‹ክሌማንሶ›› የተባለውን የጦር አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቧን ከነአስቤስቶሱ ወደ አላንግ ሰድዳ፣ በስዊዝ ቦይ አልፎ ከሄደ በኋላ፣ በየካቲት 1998 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክ እንዲመለስ አዘዙ። በመጨረሻ የተፈታው እንግሊዝ አገር ሃርትልፑል ላይ ነው። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ደግሞ ‹‹ፕሮቦ ኮአላ›› የተባለች መርከብ ያመጣችው መርዛማ አተላ በአይቮሪ ኮስቷ አቢጃን ከተማ በየሥፍራው ተደፋ፤ ሰዎች ሞቱ፣ ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ወደ ሐኪም ቤት ጎረፈ። ይህችው መርከብ ስሟን ለውጣ እ.ኤ.አ. በ2011 ልትቆራረጥ ወደ ባንግላዴሽ ልታመራ ስትል የባንግላዴሽ መንግሥት አላስገባም አለ። ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ የሚታየኝ ይህ ነው፤ የፈረንሳይ መርከብ ሲመለስ የመለሰው የፈረንሳይ ሕዝብ ጩኸት ነው፤ የአቢጃን ሕዝብ ግን የጮኸው ካፈነው በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 ሆንግ ኮንግ ላይ የወጣው የመርከብ መፍታት ስምምነት በሥራ ላይ የዋለው ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። እያንዳንዱ መርከብ በሆዱ የያዘውን አደገኛ ነገር የሚዘረዝር መዝገብ እንዲኖረው፣ የሚፈታበት ቦታም ፈቃድ እንዲያገኝ ያስገድዳል። መልካም ነው። መርከብን አሸዋ ላይ አውጥቶ መቁረጥን ግን አልከለከለም። መዝገቡ ይኖራል፤ ሞገዱም ይኖራል።

* * *

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ወደብ የሌላት አገር ዜጎች ነንና ይህ ነገር አይመለከተንም እንዳትሉኝ። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1962 ከአሜሪካ የተገኘችው፣ ‹‹ኢትዮጵያ›› ተብላ የተሰየመችው የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ ወደ የመን ሸሸች፤ ከሁለት ዓመት በኋላም እዚያው ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ጅቡቲ የደረሱት ሌሎች የባሕር ኃይሉ ጀልባዎችና መርከቦችም እ.ኤ.አ. በ1996 ለሐራጅ ቀረቡ። በአገር ስም የተጠራች መርከብ በባዕድ ጠረፍ በኪሎ ስትሸጥ ሐዘኑን ብዙዎች ጽፈውታል። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተሠራች የጦር መርከብ ነበረች። የዚያ ዘመን የጦር መርከብ ሆድ ዕቃ ምን እንደነበረ ከላይ ተናግሬያለሁ። ያን ሆድ በእጁ የዘረጋው የመናዊ የቀን ሠራተኛ አስቦን ያውቅ ይሆን?

ከዚያ የሚቀርበው ታሪክ የሁላችንም ትዝታ ነው። ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም. በወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት አቶ ብርሃኑ ፀጋዬ ስለ ብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ማለትም ስለ ሜቴክ፣ በሰጡት መግለጫ፣ ተቋሙ ያለ ጨረታ ከውጭ ስለፈጸመው የ37 ቢሊዮን ብር ግዢ ሲናገሩ፣ ስለ ሁለት መርከቦችም ተናገሩ። ‹‹ዓባይ›› እና ‹‹አንድነት›› ይባላሉ። ወደ ሠላሳ ዓመት የሚጠጋ አገልግሎት የሰጡ፣ ያረጁ የኢትዮጵያ መርከቦች ናቸው። በዐቃቤ ሕጉ መግለጫ መሠረት ሜቴክ የገዛቸው ቆራርጦ ብረታቸውን ለግብዓት ሊያውል ነበር፤ ነገር ግን ሳይቆረጡ ተጠግነው፣ ተቋሙ ፈቃድ በሌለው ሥራ ተሰማርተው፣ በባዕድ ወደቦች መካከል ጭነት ሲያመላልሱ ቆዩ፤ ለሕዝብም ኪሳራ ተረፈ። በዚያ ሰሞን በየካፌው የተወራው ይኸው ነበር፤ ‹‹ይቆረጣሉ የተባሉት ሳይቆረጡ ቀሩ።›› የገንዘቡ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ የሕዝብ ሀብት ነውና።

እኔን ግን ሌላ ጥያቄ እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር። ውሸት ሆነ የተባለው ዕቅድ እውነት ቢሆንስ ኖሮ? አሥራ ሺህ ቶን የሚጭን መርከብ በአዋሽ ወንዝ ተንሳፍፎ አቃቂ አይደርስም። የሚቆረጠው የሆነ ጠረፍ ላይ ነው፤ ወይ ጅቡቲ፣ ወይ በርበራ፣ ወይ አላንግ። በማን እጅ? አስቤስቶሱን ማን ያወርደው ነበር? የታንኩን አተላ ወዴት? ብረቱ በባቡርና በመኪና ሲመጣ ከነቀለሙ እቶን ውስጥ ሲገባ፣ ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን እርሳስ የሚተነፍሰው የትኛው ሰፈር ነው? በመግለጫው ላይ የለም፤ በጋዜጦቻችን ላይ የለም፤ እኔም በዚያን ጊዜ በጻፍሁት ላይ የለም። መርከቦቹ ስላልተቆረጡ ተናደድን። ቢቆረጡ ኖሮ የሚሆነውን ግን አንድም ሰው አልጠየቀም። ሌባን የምንጠላውን ያህል መርዝን አንጠላም፤ ሌባ ዛሬ ያጎድላል፣ መርዝ ግን ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው።

አንባቢ ‹‹ድሃ አገር ይህን ሁሉ ከየት ታመጣለች?›› ይለኝ ይሆናል። ስንፈልግ እንደምንችል የሚያሳይ ምሳሌ አለኝ። በየክልሉ መጋዘኖች ለአሥርታት ተከማችቶ፣ በርሜሉን በልቶ መሬት ላይ ይፈስ የነበረ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ነበረን። በ2000ዎቹ መጀመሪያ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር፣ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት አስተባባሪነት፣ ከዚህ ውስጥ አንድ ሺህ አምስት መቶ ቶን ያህሉ ተሰብስቦ፣ በአዲስ በርሜል ታሽጎ፣ በመርከብ ፊንላንድ ተወስዶ በልዩ እቶን እንዲቃጠል ተደርጓል። መርዝ ከድሃ አገር ወደ ሀብታም አገር ሲሄድ ከታየባቸው ጥቂት አጋጣሚዎች አንዱ ይህ ነው። ትምህርት ቤቶቻችን ሊያስተምሩት የሚገባ ታሪክ ነበር፤ እኛ ግን ከረሳነው ቆየን።

ሕግም አላጣንም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ መኖር መብት ነው ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለን። የአደገኛ ቆሻሻ አስተዳደርና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አለን። ይህ የመጨረሻው አዋጅ ከመውጣቱ አንድ ዓመት በፊት፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ቁልል ተንዶ ከመቶ በላይ ወገኖቻችንን እንደቀበረ የማይረሳ ነው። ሕጉ ወረቀት ላይ ጥሩ ነው። እኔም ሕጉን ፈተንሁት። እንዴት እንደሆነ ነግሬአችሁ ልጨርስ።

* * *

ጋሼ ካረፉ በኋላ ለሙት ዓመታቸው ጫጫ ሄድሁ። እትዬ ማድቤት ገብታ ድስት ስታወርድ በእጇ የያዘችውን ሳይ ደነገጥሁ፤ ዳሩ ተበልቶ የጠቆረ ነጭ ጨርቅ። ሠላሳ ዓመት! ነገሩን እንዴት እንደምነግራት ጨነቀኝ። ‹‹እትዬ፣ ይህ ጨርቅ መርዝ ነው›› ብላት ምን እያልኋት ነው? ‹‹ባልሽ ከባሕር ማዶ የጫነልሽ ስጦታ ገድሎታል፣ አንቺንም…›› ማለት አይደለም? በመጨረሻ በለሰለሰ ቃል ነገርኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና ‹‹እሳት የማይበላው ነገር ጤና እንደሌለው ልጠረጥር ይገባኝ ነበር›› አለች። ቀጥላም ‹‹እሱ ግን አያውቅም ነበር አይደል?›› ብላ ጠየቀችኝ። አያውቁም ነበር አልኋት። ይህን ማወቅ የፈለገችው ያህል ሌላውን አልፈለገችም።

ጨርቁን በውኃ አርጥቤ፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ ከምሰሶው የቀረውን ፈትቼ ሁሉንም በሁለት ወፍራም ፕላስቲክ ጠቀለልሁና በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አሸግሁት። ከዚያ በሕጉ መሠረት የሚያስረክቡበትን ቦታ ፍለጋ ወጣሁ። ጉዳዩ የሚመለከተው አንድ መሥሪያ ቤት ሄድሁ። የተቀበለኝ ወጣት ባለሙያ ትሑት ሰው ነበር፤ አዋጁን ከእኔ በተሻለ ያውቀዋል፣ ቁጥሩንም ነገረኝ። ‹‹እና የት ላስረክብ?›› ስለው ግን ወደ መስኮቱ ዞር አለ። ‹‹እውነቱን ልንገርዎ? እኛ ዘንድ የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ከከተማው ቆሻሻ ጋር ቢጥሉት የሚከለክልዎት አይኖርም፤ እኔ ግን ጣሉት አልልዎትም።›› ይህን ሰው አከብረዋለሁ። መዋሸት ይችል ነበር።

እንግዲህ ይታያችሁ። ሁለት ኪሎ የማይሞላ ጨርቅ ነው። ለሁለት ኪሎ ቦታ ያላዘጋጀ አገር በሺህ ቶን የሚቆጠር መርከብ እቆርጣለሁ ሲል ማንም ‹‹የት?›› አላለውም። ዛሬ ከደብረ ብርሃን እስከ ጫጫ በመንገዱ ዳር የፋብሪካ አጥር እየበዛ ነው፤ የደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክም እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራ ጀምሯል። ደስ ይለኛል፤ የሰፈሬ ልጆች ሥራ ይፈልጋሉ፤ እንደ ጋሼ እንጀራ ፍለጋ ባሕር እንዲሻገሩ አልመኝም። ነገር ግን ለእያንዳንዱ አዲስ አጥር አንድ ጥያቄ አለኝ፤ በዋናው በር የሚገባውንና የሚወጣውን አይተናል፣ በጓሮ የሚወጣው ወዴት ይሄዳል? የበሬሳም የጫጫም ወንዝ ወደ ጀማ፣ ጀማም ወደ ዓባይ ነው የሚወርደው። ‹‹ዓባይ›› የምትባለው መርከብ ጫጫ ባትመጣም፣ ከጫጫ የሚነሣው ውኃ ዓባይ ይደርሳል።

ጣሳው አሁንም አለ። ከእትዬ ቤት ጓሮ፣ ከብት በማይደርስበት፣ ልጅ በማይጫወትበት ጥግ፣ ድንጋይ ተጭኖበት ተቀምጧል። በላዩ ላይ በቀይ ቀለም ‹‹አይከፈት›› ብዬ ጽፌበታለሁ። በየዓመቱ ስሄድ ቀለሙን አድሳለሁ። እትዬ አርጅታለች፤ ባለፈው ስንለያይ ‹‹እኔ ስሞት ቤቱን የሚገዛው ሰው ይህን ጣሳ ለቁራሌው እንዳይሸጠው አደራ›› አለችኝ። አደራውን ተቀብያለሁ። የማስረክብበት ቦታ የሚያውቅ አንባቢ ካለ ግን ቢነግረኝ ውለታው ትልቅ ነው።

ቸር ይግጠመን።